የሁለቱም ወገን እርካታ

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። መጀመሪያ ዘገየ ተባለ፣ ቀጥሎ ቀረ ተባለ፣ ከዚያ ሰው ስለ ዝናብ ማውራቱን ተወ። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ሆነ፤ ሲመጣም አየር እየተነፈሰ፣ ቀይ አፈር ይዞ ነው። የአንድ በርሜል ውሃ ዋጋ ከአንድ ኪሎ ሥጋ በለጠ። ሆቴሎች ፎቆቻቸውን ከላይ ወደ ታች እየዘጉ መጡ። ፋብሪካው አንድ አንድ ፈረቃ እያጠፈ ሄዶ በመጨረሻ ዘበኞቹ ብቻ ቀሩ። ከተማውን ከጎረቤት አገር የሚለየው ወንዝ ሲደርቅ ድንበሩ መንገድ ሆነ። የማዶ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ተሻገሩ። ማዶ ከዚህ የባሰ ነበር። የመጡት በተሰጣቸው ዋጋ ይሠራሉ። ይህን የሚጠላ ሰው ብዙ ነበር፤ የማይጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። መንግሥት አንድ ቢሮ ከፈተ። የስደተኛ ሠራተኞችና የአሠሪዎች የምክር አገልግሎት ይባላል። ሠራተኛውም አሠሪውም በአንድ በር ይገባል፣ ምክር በነጻ ያገኛል፣ የተናገረው ነገር ከዚያ ቤት አይወጣም። በሩ ላይ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል።

ገምጋሚዋ ይህን ቢሮ እንድትገመግም በኮንትራት ተቀጥራ ነበር። መፍረድ የእሷ ሥራ አይደለም። አገልግሎቱ የታሰበለትን ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን አጥንታ ለበላይ ማቅረብ ነው። የምትኖረው በታላቅ ወንድሟ ቤት፣ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል ነው። ባሏ ሲሞት ለጊዜው ብላ ገብታ እዚያው ቀረች። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ወደ ጓሮ የሚያይ መስኮት አላት፤ ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ ከታች ምግብ ቤት የሚወራው ሁሉ ይሰማል። የዚያን ዕለት ጠዋት የሰማችው የወንድሟን ሳቅ ነበር። ወንድሟ ጠዋት ስቆ አያውቅም። ጫማዋን እያሰረች ትንሽ ቆየች፤ ሳቁ ተደገመ። ወረደች። ወንድሟ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። ሚስቱ ዳቦ ትቆርጣለች።

“ሚጣዬ፣ ነይ ተቀመጪ” አለ። ትልቅ ሴት ከሆነች በኋላም ሚጣዬ ነው የሚላት። “የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ትናንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ድምጿ ማር ነው። ስለ ምክር አገልግሎቱ ግምገማ ነው የምደውለው አለች። ከሠራተኛዎ ጋር የነበረዎት አለመግባባት ምክር ከተሰጠ በኋላ እንዴት ሆነ? በጣም ተሻሽሏል፣ ተሻሽሏል፣ አልተለወጠም፣ ብሶበታል፤ አንዱን ይምረጡ አለችኝ።”

“አንተ ደግሞ መቼ ነው ምክር የጠየቅከው?” አለች ሚስቱ።

“እሱን እኮ ነው የምልሽ። ከማንም ጋር አልተጣላሁም፤ የማንንም ምክር አልጠየቅኩም።”

“ታዲያ ምን አልካት?”

“በጣም ተሻሽሏል አልኳት።”

ሚስቱ ቢላዋውን እንደያዘች ሳቀች። አሁን እሱ አልሳቀም። ሻዩን ፉት አለና ብርጭቆውን አስቀመጠ። “ሠራተኛዋ የትኛዋ ናት ብዬ ጠየቅኳት። ስም አንናገርም አለች። ጎበዝ ልጅ ናት። አንቺ ያሰማራሻት አይደለችም፣ ሚጣዬ?”

“ከደዋዮቹ አንዷ ትሆናለች” አለች ገምጋሚዋ። ያነሣችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠች።

ወንድሟ የልብስ ማጠቢያ ቤት አለው። የሆቴል አንሶላና ፎጣ ያጥባል፣ ይተኩሳል፣ አጥፎ ይመልሳል። አሥራ አንድ ሴት ሠራተኞች አሉት፤ ሁሉም ከማዶ ናቸው፣ የሚያድሩትም ከማጠቢያው በላይ ባለው ቆርቆሮ ቤት ነው። ክፉ ሰው የሚለው የለም። ሲሞቱ ይቀብራል፣ ሲታመሙ ከቤቱ ሾርባ ይልካል፤ የሰደበውም ሠራተኛ የለም። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው ሰው አይገኝም። አሁንም ድምፁን ሳያነሣ ነገሩን ዘረዘረላት። ትልቁ ሆቴል የአንሶላውን ሥራ ለማን እንደሚሰጥ በዚህ ሳምንት ይወስናል። ከሠራተኛ ጋር ንትርክ ያለበትን አይፈልግም። አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ በሩን ካንኳኳ ሥራው ለሌላ ይሄዳል፤ በዚህ ድርቅ ደግሞ ያ ሥራ ከሄደ ማጠቢያው ይዘጋል። “አንዷ ናት” አለ። “ሌሎቹ ምን አጠፉ? አንዷን ብቻ ንገሪኝ። ላናግራት ነው።”

“ጋሼ፣ እኔ ስም አይደለም የማየው። ቁጥር ነው።”

“ከፈለግሽ ታዪዋለሽ።”

ሚስቱ የዳቦውን ፍርፋሪ በእጇ ሰበሰበች። ገምጋሚዋ የወንድሟን ጣቶች አየች። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሱ ገና ለአቅመ አዳም አልደረሰም ነበር። ትምህርቱን ትቶ ሰው ቤት አጣቢ ሆኖ ገባ፤ በባዶ እጁ በረኪና ውስጥ ሲነክር ኖሮ እሷን ከፊደል እስከ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። የጣቶቹ ጫፍ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። አዲሱን መታወቂያ ሊያወጣ ሄዶ ማሽኑ አሻራውን አልቀበል ሲለው፣ ጸሐፊዋ ምን ሆነው ነው ብትለው፣ “እህቴ ተምራበታለች” ብሎ መለሰላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ውለታውን ያነሣው በዚያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም እንደ ቀልድ። ሚስቱ ግን በየበዓሉ ታነሣዋለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ሄደች። የሠራችው ስህተት ገና መንገዱ ሳይጋመስ ተገለጠላት። ቢሮው ማንም ለምክር ሲመጣ የአሠሪውን ስልክ ይመዘግባል። አሠሪ ራሱ ሲመጣ የራሱን ይሰጣል፤ ሠራተኛ ሲመጣ የአሠሪዋን ትሰጣለች። ሁለቱም የሚጻፉት አንድ ቦታ ነው። ኮንትራቷ የሁለቱንም ወገን እርካታ ለኪ ይላል። እሷም የአሠሪዎቹን ስልክ በሙሉ ወስዳ ለደዋዮቹ ሰጠች። ከእነዚያ አሠሪዎች ግማሾቹ ሠራተኛቸው እዚያ ቢሮ መግባቷን ፈጽሞ እንደማያውቁ አላሰበችም። ጥያቄውን ያረቀቀችው ራሷ ናት። ትህትና እንዲኖረው ብላ ሁለት ጊዜ አስተካክላዋለች። ይህን ስህተት ተንኮለኛ አይሠራውም፤ ሰነፍም አይሠራውም፤ ሰነፍ ሰው ለአሠሪዎቹ ጭራሽ አይደውልላቸውም ነበር። ሁለቱንም እኩል ልስማ የሚል ሰው ብቻ ነው እዚህ ላይ የሚደርሰው። ደዋዮቹ ሁለት ቀን ሙሉ ሲደውሉ ነው የከረሙት። አንድ ሰውዬ ከኋላዋ ለጓደኛው፣ “የኛዋ ገረድ ደግሞ ምክር አምሯት ኖሯል እባክህ” ሲል ሰማችው። ዞራ አላየችውም። አውቶቡሱ ባዶ የውሃ ጀሪካን ይዘው በሚሄዱ ሰዎች ተሞልቶ ነበር፤ ጀሪካኖቹ በየመታጠፊያው ይንኳኳሉ።

ከቢሮው በር ላይ ሰው የሚጠፋበት ሰዓት የለም። ገና ሳይነጋ ወረፋ ይያዛል፤ ሰዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ስለሚቀመጡ ቀለሙ በትከሻ ቁመት ልክ ተልጧል። ያን ዕለት ማንም አልነበረም። ዘበኛው ወንበሩን ከጥላው አውጥቶ መንገድ ዳር ተቀምጧል። “ዛሬ በዓል ነው እንዴ?” አላት። ውስጥ ገባች። አግዳሚ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። የአስተርጓሚዎቹ ክፍል ተከፍቶ ሁለቱ አስተርጓሚዎች ካርታ ይጫወታሉ። ግድግዳው ላይ አንድ ሠራተኛና አንድ አሠሪ እየተጨባበጡ የሚሳሳቁበት ፖስተር አለ። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ አልፋው ሄዳለች፤ ዛሬ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥርስ እንዳላቸው አየች።

ኃላፊው ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው የተቀበላት። “እንኳን ደስ አለን!” አለ። የስልኩን ውጤት ደዋዮቹ ትናንት ማታ ልከውለታል። ከአሠሪዎቹ አብዛኞቹ በጣም ተሻሽሏል ብለው መልሰዋል። እንዲህ ያለ ውጤት በየትኛውም ቢሮ ታይቶ አይታወቅም። እሷ ቆማ እንዳለች ነገሩን አስረዳችው። ሰውየው ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ።

“ስም የተናገረ ሰው አለ?” አለ።

“የለም።”

“ስለዚህ ምስጢር አልወጣም።”

“ስልኩ መደወሉ ራሱ ነው ምስጢሩን ያወጣው።”

“እህቴ፣ ረጋ ብለን እንይ። እርስዎ ይህን ጽፈው ካቀረቡ ቢሮው ይዘጋል። ቢሮው ከተዘጋ እነዚህ ምስኪኖች ማን አላቸው?”

“ዛሬስ ማን አላቸው? አንድም ሰው አልመጣም እኮ።”

ኃላፊው ወደ አግዳሚዎቹ በመስታወቱ አሻግሮ አየ። “ሰው ካልመጣ ችግሩ ቀንሷል ማለት ነው” አለ። እየቀለደ መስሏት ፊቱን አየችው። አልቀለደም። ያን ጊዜ የቢሮው አሠራር ትዝ አላት፤ አንድ ጊዜ መጥቶ ያልተመለሰ ሰው ጉዳዩ እንደተፈታ ነው የሚቆጠረው። እንዲህ ከሆነ ከነገ ወዲያ የዚህ ከተማ ችግር በሙሉ ተፈትቶ ያልቃል። ለደዋዮቹ አቁሙ ብላ ደወለች። የቀረ ቁጥር የለም፣ ሁሉንም ጨርሰናል አሏት።

በመጨረሻው መስኮት የምትቀመጠው አማካሪ በዕድሜ የገፋች፣ ነገር የማታስቀር ሴት ናት። ገምጋሚዋ ወደ እሷ ስትመጣ ከርቀት አየቻትና የመስኮቱን መዝጊያ እስከ ግማሽ አወረደችው። “ምን አድርገሽብን ነው?” አለቻት። “ቀይ ስካርፍ የምታስረው ሴትዮ ጠዋት በሩ ድረስ መጥታ ሳትገባ ተመለሰች። በምልክት ጠራኋት፤ እንደማታውቀኝ ሆነች።” ገምጋሚዋ አላመካኘችም። የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ቀጥላ ስለ ማጠቢያው ቤት ጠየቀች።

“ማወቁ ለምን አስፈለገሽ?”

“እሱ ሳያገኛት ላስጠነቅቃት።”

“እሱ ማለት አሠሪዋ?”

“ወንድሜ ነው።”

አማካሪዋ ወደ አስተርጓሚዎቹ ክፍል አየች። ከወዲያ ካርታ የሚጫወቱት አስተርጓሚዎች አንደኛው አጭበርብሯል ተባብለው ይጯጯሃሉ። “ስሟን አልነግርሽም” አለች በመጨረሻ። “ተኳሿ ናት። የትልቁን የመተኮሻ ማሽን መከለያ ብረት አንሥተውታል፤ ሥራ ያዘገያል ተብሎ። ቀኝ እጇን ከአንጓው እስከ ክርኗ ልጧታል። ወንድምሽ አያውቅም። ካየ ያሰናብተኛል ብላ በረጅም እጅጌ ሸፍናው ትሠራለች። ልጇ ማዶ ከእናቷ ጋር ነው፤ ውሃ የሚገዙት እሷ በምትልክላቸው ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ ደግሞ በወንድምሽ ስም ነው። ሥራዬን ትታ ጠፋች ብሎ ካስመዘገበ ፈቃዱ በዚያው ሰዓት ይሞታል፣ ያገኛት ፖሊስ ሁሉ ወደ ማዶ ይጥላታል። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። ብረቱን መልሱልን ብል ያባርሩኛል ወይ? አለችኝ።”

“ምን መከርሻት?”

“መመሪያው የሚለውን ነዋ። ከአሠሪዎ ጋር በሰከነ መንፈስ ይነጋገሩ።” አማካሪዋ መዝጊያውን ጨርሳ ለማውረድ እጇን ዘረጋች። “ከቻልሽ ድረሺላት። ካልቻልሽ ግን አትሂጂ። ሄዶ ነገሩን በግማሽ መተው ከመቅረት ይብሳል።”

መንገድ ላይ ሳለች የወንድሟ ሚስት ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። ወንድሟ ሴቶቹን ሰብስቧል። ሥራ አስቁሟል፣ ቦይለሩን አጥፍቷል። አልተቆጣም፣ አልጮኸም፤ ወንበር አምጥቶ በሩ ጋ ተቀምጧል። እስከ ማታ ማን እንደሆነች ካልነገራችሁኝ አሥራ አንዳችሁም ነገ ማዶ ናችሁ ብሏቸዋል። “እንደሚያደርገው ታውቂያለሽ” አለች። “ማዶ እኮ በየቀኑ ሌላ አሥራ አንድ ይሰጠዋል። አንቺን ነው የሚጠብቀው፣ እቴ። ነገሩን ባጭሩ ቅጪው። ላንቺ ብሎ ስንት ነገር ያጣ ሰው ነው። አንድ ስም ይበዛበታል?”

ገምጋሚዋ ስልኩን ዘጋች። ብትቀር አሥራ አንዱ ይባረራሉ፤ ብትናገር አንዷ ትጠፋለች። እየሄደች ውሸት አዘጋጀች። ጥሩ ውሸት ነበር። የወንድሟ ስልክ የተገኘው ከሆቴሎች ማውጫ ነው ትለዋለች፤ ደዋዮቹ ቁጥሩን ከሌላ ጋር አምታተውት ነው፤ ከማጠቢያው ማንም ሴት ወደ ቢሮው ሄዳ አታውቅም። ቃላቱን እያስተካከለች፣ የሚጠይቃትን እየገመተች፣ መልሱን እያዘጋጀች ሄደች። ሥራዋ ጥያቄና መልስ ነው። ማጠቢያው በር ስትደርስ ራሷም ልታምነው ጥቂት ቀርቷት ነበር።

ማጠቢያው የቀድሞ መጋዘን ነው። ጣራው ከፍ ያለ ቆርቆሮ ነው፤ በሌላው ቀን ከበሩ ሳይደርሱ እንፋሎቱና የበረኪናው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል፣ ከማሽኖቹ ጩኸት የተነሣ ሰው ለመነጋገር ጆሮ ለጆሮ ይገጥማል። አሁን ፀጥ ብሏል። ከሽቦዎቹ ላይ የተሰቀሉት አንሶላዎች አይንቀሳቀሱም። ሴቶቹ በግድግዳው ጥግ በፎጣ ቅርጫቶች ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዷ፣ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ተነሥታ ልትዘጋው ፈልጋ ከወንድሟ ጎን የቆመውን ካቦ አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። ካቦው በጣም ቀጭን ስለሆነ ሽቦ ነው የሚሉት። ወንድሟ ወንበሩን ለቀቀላት። አልተቀመጠችም። እንደቆመች ውሸቷን ነገረችው። ሴቶቹ እንዲሰሙ ትንሽ ከፍ አድርጋ ነው የተናገረችው። እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስክትጨርስ ሰማት።

“ከማውጫ ነው?” አለ።

“ከማውጫ ነው፣ ጋሼ። የእኛ ስህተት ነው። ይቅርታ ሊጠይቁህ ይደውላሉ።”

“አየህ፣ ሽቦ? ሰውን ያለ ጥፋቱ ልናስቀይም ነበር።” ወንድሟ በረጅሙ ተነፈሰ፤ እውነትም ሸክም የወረደለት መሰለ። ወደ ሴቶቹ ዞረ። “ሰምታችኋል? ተሳስተው ነው። ተነሡ በሉ። ይቺ እህቴ ናት፣ ያሳደግኳት። ስታልፍ ስታገድም ታዩአት ይሆናል፣ ተዋውቃችሁ ግን አታውቁም። የተማረች ናት፣ ከመንግሥት ጋር ነው የምትሠራው። ወደፊት ችግር ካላችሁ ለእሷ ንገሩ። ኑ አንድ በአንድ ጨብጧት፣ ከዚያ ወደ ሥራችሁ ትመለሳላችሁ።”

ሴቶቹ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ወፍራሟ፣ “ቦይለሩ ይነሣ እንዴ?” አለች። “ይነሣል፣ መጀመሪያ እህቴን” አላት። እሷም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። ገምጋሚዋ ውሸቷ የታመነ መሰላት። ፊቷን ጠበቀችው። ማንንም ከማንም አስበልጣ እንዳታይ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፈገግታ እንድታሳይ ለራሷ ነገረች። ወፍራሟን ጨበጠች። ቀጥላ የመጣችው እጇ በሳሙና ውሃ ተሸብሽቧል፤ እሷንም ጠበቅ አድርጋ ጨበጠቻት። ሦስተኛዋ ሳቀች፣ “እግዜር ይስጥልኝ፣ ከሥራ አሳረፉን” አለች፤ ጥቂቶቹ ተከትለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። እጅ ተከትሎ እጅ መጣ፣ ሁሉንም በሙሉ መዳፏ ያዘች፣ ነቀነቀች፣ ለቀቀች። ወንድሟ ግድግዳውን ተደግፎ ሻይ አምጡልኝ ይላል። ሴቶቹን አያይም።

ከዚያ አንዲት ረጅም፣ አንገቷን ደፋ ያደረገች ሴት መጣች። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ እስከ ጣቶቿ ሥር አውርዳዋለች። ቀኝ እጇን ዘረጋች። የገምጋሚዋ ፊት አልተለወጠም፤ ፈገግታዋም ያው ነው። እጇ ግን ሄዶ ሄዶ አየር ላይ ቆመ፤ ከዚያ የሴትዮዋን ጣቶች ጫፍ ብቻ፣ እንቁላል እንደሚነሣ ሰው፣ ቀስ ብሎ ያዘ። አልነቀነቀውም። ሴትዮዋ ቀና አለች። ገምጋሚዋ ስለ እጇ እንደምታውቅ የገባት በዚያች ቅጽበት ነው። ገምጋሚዋ ወዲያው እጇን ጠበቅ ልታደርግ ሞከረች፤ ሴትዮዋ ከሕመሙ የተነሣ ከንፈሯን ነከሰች። የቀሩት ሁለት ሴቶች ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።

“ይበቃል” አለ ወንድሟ። “ሌሎቻችሁ ወደ ሥራችሁ።”

ሁለቱ ሳይጨብጧት ሄዱ። አላስፈለገም። ወንድሟ ወደ ተኳሿ ቀረበ። “እጅጌሽን ሰብስቢልኝ እስቲ፣ ልጄ” አላት። ሰበሰበች። ቁስሉ ገና እርጥብ ነበር፤ ጨርቁ ተጣብቆ ሲላቀቅ ድምፅ ሰጠ። ብዙ አየው። ፊቱ ላይ የነበረው ሐዘን እውነተኛ ነው። “ለምን አልነገርሽኝም?” አለ። “ሐኪም ቤት እወስድሽ አልነበረም?”

“ተነጋገሪ ብለውኝ ነበር” አለች ተኳሿ። “ነገ እነግራቸዋለሁ ስል፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል።”

“አሁን ነገርሽኝ” አለ። ወደ ካቦው ዞረ። “ዕቃዋን ታውርድ። ቀን ሳለ በፒክአፑ ወንዙ ድረስ አድርሳት። ስትመለስ የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ግባና ከሥራዋ ጠፍታለች ብለህ አስመዝግብ።”

“ጋሼ” አለች ገምጋሚዋ። “እዚህ ቆማለች እኮ!”

“ጠፍታለች” አለ ካቦውን እያየ። “ከመቼ ጀምሮ ካሉህ ከትናንት በላቸው።”

ቦይለሩ ተነሣ። ማሽኖቹ ተራ በተራ መዞር ጀመሩ፤ ሰው መደማመጥ ቀረ። ወፍራሟ ሴት ሳትታዘዝ የተኳሿን ማሽን ያዘች፤ መከለያ የሌለውን። ተኳሿ ቆርቆሮ ቤቱ ወጥታ በአንሶላ የተቋጠረ ነገር ይዛ ወረደች። ገምጋሚዋ በር ድረስ ተከተለቻት። ከቢሮው ጋር እንደምትነጋገር፣ እንደምትጽፍ፣ ጠበቃ እንደምትፈልግ እየነገረቻት የፒክአፑን በር ከፍታ አብራት ልትገባ እግሯን አነሣች። ተኳሿ ቋጠሮዋን ባዶው መቀመጫ ላይ አኖረችው። “እርስዎ አይምጡ” አለቻት። አልተቆጣችም። “ከእርስዎ በፊት እሳቸው አያውቁም ነበር።” ካቦው መኪናውን አስነሣ። አቧራው እስኪረግብ መንገዱ አልታየም። መንገዱ ሲታይ መኪናው የለም።

ስትመለስ ወንድሟ ወንበሩን ወደ ጥላው አዙሮላት ነበር። ከጎኗ ቆመ። በማሽኖቹ ጩኸት ምክንያት ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጣት።

“እኔ ምንም አላልኩም” አለች።

“አውቃለሁ። ፊትሽን ዱሮም ትጠብቂዋለሽ። እኔ ያየሁት እጅሽን ነው።” እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። “ሚጣዬ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ አንድ ነገር ጠይቄሽ አላውቅም። ዛሬ አንድ ጠየቅኩሽ፣ ሰጠሽኝ። ያለፈው ሁሉ ተከፍሏል። ከዛሬ ወዲያ እኔና አንቺ የምንፈላለገው የለም። ለሚስቴም እነግራታለሁ።”

ቃሉን ጠበቀ። ትልቁ ሆቴል አንሶላውን ሰጠው፤ እሷም ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል ኖረች። በዚያ ቤት የውለታ ነገር ዳግመኛ ተነሥቶ አያውቅም።